የፖስታ ቁጥርና የሰፈር ስም፤ ስለ ብስራተ ገብርኤል አድራሻ

በዚህ አጭር ጽሑፍ ለመመርመር ያሰብነው አንድ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም በኢንተርኔት ካርታ ላይ የፖስታ ቁጥር ብቻ በመጻፍ የአንድ ሰፈር ትክክለኛ ቦታ ይገኛልን? የሚል ነው። ለምሳሌ የመረጥነው በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ያለውን ብስራተ ገብርኤልን ነው።

አስቀድመን የሌሎችን አገሮች ሁኔታ እንመልከት። እንግሊዞች የፖስታውን ቁጥር በኖርዊች ከተማ መሞከር የጀመሩት በ1959 እ.ኤ.አ. ነው፤ አሜሪካውያንም በ1963 እ.ኤ.አ. በአገራቸው ሥራ ላይ አዋሉት። የሁለቱም ዓላማ ደብዳቤን ፈጥኖ መለየት እንጂ ካርታ መሥራት አልነበረም። ነገር ግን ፖስተኛው ከቤት ወደ ቤት ስለሚዞር፥ ቁጥሩ እግሩን ተከትሎ እስከ መንደሩ ዘለቀ። ካርታ ሠሪዎች በኋላ የተጠቀሙት በዚሁ በተዘጋጀ ሥራ ነው።

የአገራችን ታሪክ ከዚህ ይለያል። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ የፖስታን ሥራ በ1886 ዓ.ም. አቋቋሙ፤ የመጀመሪያዎቹም ቴምብሮች በፓሪስ ታተሙ። ኢትዮጵያ በ1901 ዓ.ም. የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆነች። ይሁን እንጂ በአብዛኛው ደብዳቤው የሚያርፈው በፖስታ ሣጥን ውስጥ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ የሚሄደው ባለቤቱ ነው። ስለዚህ የሣጥኑ ቁጥር ደብዳቤው የሚቀመጥበትን እንጂ ሰውየው የሚያድርበትን አይነግረንም። አዲስ አበባን የሚያመለክተው 1000 የሚለው ቁጥርም ለካርታ ቢሰጥ፥ ካርታው ከተማይቱን በሞላ በአንዲት ነጥብ ከማሳየት በቀር ሌላ ሊያደርግ አይችልም።

የቤት ቁጥርስ? በ1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ መሠረት የከተማ ቀበሌዎች ከተቋቋሙ በኋላ፥ ቤቶች በቀበሌያቸው ተቈጠሩ። ቁጥሩ ግን በየቀበሌው ስለሚደጋገም፥ ብቻውን ሲጠራ ቦታን አይለይም።

ታዲያ ሕዝቡ በምን ይግባባል? በሰፈር ስም ነው። በከተማይቱ የገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ብዙ ነው፤ ከቤተ መንግሥቱ አጠገብ ግቢ ገብርኤል አለ። «ብስራተ» የምትለው አንዲት ቃል ይህንን ከሌሎቹ ትለያለች፤ የቁጥርን ሥራ የምትሠራው እርስዋ ናት። ንፋስ ስልክም ሽቦ የሌለውን ስልክ በስሙ ይዞ ይኖራል።

ነገሩ የጥናት ጨዋታ ብቻ አይደለም። በሌሊት ሰው ታሞበት አምቡላንስ የሚጠራ ቤተ ሰብ የፖስታ ቁጥር አይናገርም፤ «ብስራተ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ስትደርሱ ደውሉ» ብሎ አንድ ልጅ ወደ መንገድ ይልካል። ያ ልጅ እስኪገኝ የሚጠፋው ጊዜ የታማሚው ነው። የታሪክ ተማሪም በአሮጌ ደብዳቤ ራስጌ ያየውን የሣጥን ቁጥር እንደ መኖሪያ ቢቈጥር፥ የብዙ ሰፈር ሰዎችን በአንድ ፖስታ ቤት ውስጥ ማኖሩ ነው።

ከዚህም የምንደርስበት ሐሳብ ይህ ነው። ቁጥር ፖስተኛው የሄደበትን ያህል ብቻ ይሄዳል። ስለዚህ የከተማችንን ካርታ የሚሠራ ሰው ከቁጥሩ በፊት የሰፈሩን ስሞች፥ ከነድንበራቸውና ከነታሪካቸው፥ ከሽማግሌዎች ጠይቆ ይጻፍ። ይህን ሥራ ለመጀመር ከእኛ ከተማሪዎች የሚቀርብ የለም፤ እያንዳንዳችን ከገዛ ሰፈራችን ልንጀምር እንችላለንና።