ነፍጥ፣ ናፍጣ፣ ልጓም

አሮጌዋ ቶዮታ ላንድክሩዘር 40 ኮፈኗ ተከፍቶ ቆማለች። የቤንዚን ሞተሯ ወርዷል፤ በቦታው የናፍጣ ሞተር ሊገባ ነው። መካኒኩ ረዳቱን፣ «የካንዴላ ነገር ከዛሬ ጀምሮ አያሳስብህም፤ ባሌስትራውን፣ ፍሪሲዮኑንና ፍሬኑን ሳታይ ግን እንዳታልፍ» ይለዋል። የጋራዥ ቃሎቻችን አብዛኞቹ ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። የዕቃዎቹን ሥራ ጠንቅቆ ማወቅ የሚሻ ሰው ሥራቸው የተጻፈው ስማቸው ላይ መሆኑን ያያል።

ከሁሉም ረጅም መንገድ የተጓዘው ናፍጣ ነው። ጥንት በአካድኛ «ናፕጡ» ይባል ነበር፤ ግሪኮች «ናፍታ» አሉት። በግሪኩ ትንቢተ ዳንኤል የሠለስቱ ደቂቅን እቶን ካነደዱት ነገሮች አንዱ ይኸው ናፍታ ነው። ጣልያኖችም በዚሁ ስም ለሞተር ነዳጅ ተጠቀሙበት፤ እኛም «ናፍጣ» ብለን ወሰድነው። ዐረቦች ግን ቃሉን በሌላ መንገድ መርተውታል፦ «ነፍጥ» መጀመሪያ በጦርነት ጠላት ላይ የሚወረወር እሳት ነበር፤ ባሩድ ሲመጣ ስሙ ወደ ባሩዱና ወደ መሣሪያው ተሻገረ። ነፍጥ አንጋቢ ስንል የምናነሳው ነፍጥ ከዚያ የመጣ ነው። ስለዚህ ነፍጥና ናፍጣ በሁለት በር የገቡ ወንድማማቾች ናቸው።

ካንዴላ በጣልያንኛ ሻማ ነው። የቤንዚን ሞተር ያለዚህ ሻማ አይነሳም። ሩዶልፍ ዲዝል በ1892 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት የጠየቀበት ሐሳብ ግን ሻማ አይሻም፦ አየሩ እስኪግል ይታመቃል፣ ናፍጣው ሲረጭበት በራሱ ይቀጣጠላል። አሮጌ የቤንዚን ሞተር አየሩን ወደ 8 እጅ ሲያምቅ የናፍጣው እስከ 20 እጅና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ይህን ጫና የሚችል ብረት ወፍራም ነው፤ ስለዚህ ሞተሩ ብዙ ጊዜ ይከብዳል።

ክብደቱ የሚያርፈው ባሌስትራ ላይ ነው። ባሌስትራ በጣልያንኛ እንጨት ላይ የተጋደመ፣ በምላጭ የሚተኮስ የጦር ደጋን ነው፤ የመኪናው ባሌስትራም ጎብጦ የሚታየው እንደ ደጋን ነው። ደጋን ከላላ ወይም ከተሰነጠቀ አይወረውርም፤ ተደራራቢ ብረቶቹን አንድ በአንድ ማየት ያስፈልጋል።

ፍሪሲዮን ማለት ሰበቃ ነው። የናፍጣ ሞተር በዝግታም እየዞረ ብርቱ ጉልበት ይሰጣል፤ ሸራው ያለቀ ፍሪሲዮን ይህን ጉልበት መያዝ አቅቶት ይንሸራተታል።

ፍሬንን የመጨረሻ ያደረግሁት ሕይወት የተንጠለጠለበት እሱ ስለሆነ ነው። የጣልያንኛው «ፍሬኖ»ም የፈረንሳይኛው «ፍሬን»ም ምንጫቸው ላቲን ነው፤ ትርጉሙም ልጓም። የቤንዚን ሞተር የአየር መግቢያው ላይ መዝጊያ ስላለው አየር ሲስብ ቫክዩም ይፈጥራል፤ እግራችንን የሚያግዘው የፍሬን ሰርቮ የሚሠራው በዚያ ነው። የናፍጣ ሞተር ብዙውን ጊዜ ይህ መዝጊያ የለውም። ስለዚህ የራሱ ቫክዩም ፓምፕ ያስፈልገዋል፤ በብዙ የቶዮታ ናፍጣ ሞተሮች ፓምፑ ያለው ከአልተርኔተሩ ጀርባ ነው። ይህ ከተረሳ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል፤ ጉልበት የጨመረ ፈረስ ልጓም ሳይዝ ወጣ ማለት ነው።

መፈተኛው ቀላል ነው። ሞተሩ እንደጠፋ ፔዳሉን አራት አምስት ጊዜ ይርገጡ፤ ከዚያ ረግጠው እንደያዙ ሞተሩን ያስነሱ። ፔዳሉ ከእግርዎ በታች ትንሽ ዝቅ ካለ ልጓሙ ይዟል።