በእጅ የሚያዝ የቤት ጌም ኮንሶል

በእጅ የሚያዝ የቤት ጌም ኮንሶል የሚባለው ከቴሌቪዥን ጋር ተገናኝቶ የሚሠራ የቪዲዮ ጌም መሣሪያ ከነጌሞቹ የራሱ ስክሪንና ባትሪ ወዳለው ትንሽ መሣሪያ ሲቀየር ነው። እንደ ጌም ቦይ (እ.ኤ.አ. 1989) ከመጀመሪያው ለእጅ ተብለው ከተሠሩት የሚለየው፣ ቤት ውስጥ የሚጫወቱትን ያንኑ ጌም ማጫወት ስላለበት ነው። ሥራውን ከባድ የሚያደርገው ከሳጥኑ ትልቅነት ይልቅ የኤሌክትሪክ ፍጆታው ነው። ከሶኬት እንደልብ ይወሰድ የነበረው ኃይል ከአንዲት ትንሽ ባትሪ መገኘት አለበት።

መብራት በየጊዜው በሚጠፋበት አካባቢ ጉዳዩ ከመዝናኛ ያልፋል። በጌዴኦ ዞን ይርጋጨፌ አጠገብ ባለችው በቡናዋ በምትታወቀው ኮንጋም ሆነ በዞኑ ዋና ከተማ በዲላ፣ እንደ ሌሎች የአገሪቱ ከተሞች ሁሉ፣ ብዙ ወጣት ኮንሶልን የሚያውቀው በጌም ቤት ነው። አንድ ቴሌቪዥን፣ ሁለት ጆይስቲክ፣ በየጨዋታው የሚከፈል ሂሳብ፣ ከኋላ ቆሞ ተራ የሚጠብቅ ሰው። መብራት ሲሄድ ጨዋታውም የባለቤቱ ገቢም አብረው ይቆማሉ።

ታሪክ

የመጀመሪያው የታወቀ ሙከራ የጃፓኑ ኤንኢሲ እ.ኤ.አ. በ1990 ያወጣው ቱርቦኤክስፕረስ ነው። ፒሲ ኢንጂን የተባለው የቤት ኮንሶል የሚጠቀምባቸውን የጌም ካርዶች ሳይቀይር ያጫውት ነበር። ሴጋም እ.ኤ.አ. በ1995 ኖማድን በሰሜን አሜሪካ ገበያ ላይ አዋለ፤ ይህም የጀነሲስን ካሴት በቀጥታ የሚቀበል ነበር። ሁለቱም ስድስት ስድስት የባትሪ ድንጋይ ይፈልጉ ነበር፤ የሚያጫውቱት ግን ሦስት ሰዓት ያህል ወይም ከዚያ በታች ነው። ድንጋይ በገዛ ገንዘቡ ለሚገዛ ልጅ ይህ አያዋጣም፤ ሁለቱም በገበያ አልተሳካላቸውም።

ሶኒ የመረጠው መንገድ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2004 በጃፓን የወጣው ፒኤስፒ ለራሱ የተሠሩ ጌሞች ያሉት አዲስ መሣሪያ ሆኖ፣ በኋላ በሶፍትዌር አማካይነት የመጀመሪያውን ፕሌይስቴሽን ጌሞችም አጫውቷል። የቤቱ ኮንሶል ወደ እጅ የገባው አሥር ዓመት ያህል ቆይቶ፣ ቺፖች አንሰውና ቆጣቢ ሆነው ነው ማለት ነው።

ከፋብሪካ ውጭ ያሉ የእጅ ባለሙያዎችም አሉ። አሜሪካዊው ቤን ሄክንዶርን እ.ኤ.አ. በ2000 አታሪ 2600ን በእጅ የሚያዝ አድርጎ በመሥራቱ ታውቋል። ከእሱ በኋላ የመጡ አድናቂዎች የኒንተንዶ ዊን ሰርኪት ቦርድ ዙሪያውን በመጋዝ ቆርጠው ዋና ዋና ቺፖቹን ብቻ በማስቀረት ኪስ የሚገባ መሣሪያ ሠርተዋል።

የኃይል ስሌት

ችግሩን ለማየት በጌም ቤቶች ለዓመታት ያገለገለውን ፕሌይስቴሽን 2ን በምናብ ወደ እጅ ማምጣት ይበቃል። የቀጭኑ ሞዴል አዳፕተር 8.5 ቮልት እና 5.65 አምፔር ነው፤ ሲባዛ እስከ 48 ዋት ይሰጣል። የመጀመሪያው ፒኤስፒ ባትሪ 3.6 ቮልትና 1,800 ሚሊአምፔር-ሰዓት ነው፤ ይህም 6.5 ዋት-ሰዓት ገደማ ነው። ኮንሶሉ አዳፕተሩ የሚችለውን ሁሉ ቢወስድ ባትሪው የሚያቆየው ስምንት ደቂቃ ብቻ ነው። አንድ የኳስ ጨዋታ እንኳ አያስጨርስም! በሥራ ላይ የሚወስደው ከዚህ ያነሰ ነው፤ ግማሹን ብቻ ይወስዳል ብንል እንኳ ከሩብ ሰዓት ብዙም አያልፍም። ፒኤስፒ በዚያው ባትሪ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ያጫውታል ሲባል፣ ፍጆታው ከ1 እስከ 1.6 ዋት መሆኑን መገመት ይቻላል።

ከልዩነቱ ምክንያቶች አንዱ ቮልቴጅ ነው። ቺፕ ሲሠራ የሚወስደው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር በቀጥታ ያድጋል፤ ከቮልቴጁ ጋር ግን በስኩዌር ነው። ቮልቴጁ በግማሽ ሲቀንስ ፍጆታው ወደ ሩብ ይወርዳል። ሶኒ ፒኤስፒን እስከ 333 ሜጋኸርትዝ የሚሄድ ፕሮሰሰር ሰጥቶት፣ እስከ 2007 ድረስ ለጌሞች የፈቀደው 222 ሜጋኸርትዝ ብቻ ነበር። የፕሌይስቴሽን 2 ፕሮሰሰርና የምስል ቺፕም መጀመሪያ ለየብቻ ነበሩ፤ በኋላ በ90 ናኖሜትር ቴክኖሎጂ ወደ አንድ ተጠቃለሉ፤ ቀጭኑን ሞዴል ካስቻሉት ነገሮች አንዱ ይህ ነው። ዲስክ የሚያሽከረክረው ሞተር፣ ማቀዝቀዣው ፋንና የስክሪኑ መብራት በዚህ ላይ ይታሰባሉ። ምናባዊው መሣሪያ ዲስኩን ትቶ ጌሙን ከሜሞሪ ካርድ ቢያነብ ብዙ ይቀልለታል።

አንድ ወይስ ሁለት መሣሪያ?

ኒንተንዶ ስዊች (እ.ኤ.አ. መጋቢት 2017) ጥያቄውን ገልብጦታል። የእጁና የቤቱ መሣሪያ አንድ ነው፤ ቴሌቪዥን ላይ ሲሰካ የምስል ቺፑ እስከ 768 ሜጋኸርትዝ ይፈጥናል፣ ሲነቀል ወደ ግማሹ ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል። ባትሪው 16 ዋት-ሰዓት ነው። ባለ 5 ዋት የፀሐይ ፓነል በጥሩ ፀሐይ በአራትና በአምስት ሰዓት ሊሞላው ይችላል። ሁለት መቆጣጠሪያዎቹ ተነቅለው ለሁለት ሰው ስለሚሆኑ የጌም ቤቱን ፉክክር ያስቀራል ማለትም አይቻልም።

ሶኒ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 ያወጣው ፕሌይስቴሽን ፖርታል በአንጻሩ ጌሙን ራሱ አያሰላም። ቤት ያለው ፕሌይስቴሽን 5 የሠራውን ምስል በዋይፋይ ተቀብሎ ያሳያል። ቢያንስ በሰከንድ 5 ሜጋቢት ይፈልጋል፤ የሚመከረው 15 ነው። ተጫዋቹ ከቤት ርቆ 15 ሜጋቢቱን በሞባይል ዳታ ልጠቀም ቢል በሰዓት 6.75 ጊጋባይት ያህል ይበላበታል። ከዚህም በላይ፣ ቤት ያለው ኮንሶል መብራት ከጠፋበት የእጁ መሣሪያ ባትሪው ሙሉ ቢሆንም ከእሱ ጌም መቀበል አይችልም። ለኮንጋ ዓይነት አካባቢ ከሦስቱ መንገዶች ሁሉ የማይመቸው ይኸኛው ነው።

ስልክ

በኢትዮጵያ የእጅ ጌም መሣሪያን ቦታ የያዘው ስልክ ነው። ቅኔ ጌምስ የሠራው ኩኩሉ፣ ስለምትሸሽ ዶሮ የሚናገረው የሩጫ ጌም፣ የተዘጋጀው ለስልክ ነው። የድሮ ኮንሶል ጌሞችንም በኢሙሌተር ማጫወት ይቻላል፤ ኢሙሌተር የሌላ መሣሪያን አሠራር የሚያስመስል ፕሮግራም ሲሆን፣ የፒኤስፒው ፒፒኤስኤስፒፒ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በነጻ ይገኛል። (ፕሮግራሙ ሕጋዊ ቢሆንም የጌሞቹ የቅጂ መብት ግን የባለቤቶቹ ነው።) ስልክን ከኮንሶል የሚያሳንሰው የቁልፍ አለመኖር ነው፤ ስክሪን ላይ የተሣለን ቁልፍ ጣት ሳያዩ አያገኘውም፣ ጣቱም ምስሉን ይሸፍናል። ብዙ አንድሮይድ ስልኮች በብሉቱዝ ወይም በኬብል ጆይስቲክ መቀበል ይችላሉ።