ካፖ፦ የጊታር አንገት መቆንጠጫ

ሮሃ ባንድ ስሙን ያገኘው ከላስታ ነው፤ ሮሃ የላሊበላ የቀድሞ ስም ነው። ከአይቤክስ ባንድ የተገኘው ይህ ቡድን ሰላም ስዩምን በሊድ ጊታር፣ ጆቫኒ ሪኮን በቤዝ ጊታር ይዞ፣ በካሴት ዘመን ማህሙድ አህመድን፣ አስቴር አወቀን፣ ነዋይ ደበበንና ሌሎች ብዙዎችን አጅቧል። አጃቢ ባንድ አንድ የማያልቅ ጣጣ አለበት፤ ዘፋኝ በተቀየረ ቁጥር የድምፅ ልክም ይቀየራል። አንዱ ትዝታን በጂ ሲሉለት ይመቸዋል፣ ቀጣዩ መድረክ ላይ እንደወጣ «ትንሽ ከፍ አድርጉልኝ» ይላል። ኪቦርድ ተጫዋቹ ሁለት ጊዜ ቁልፍ ተጭኖ ይገላገላል። ጊታር ለያዘው ሰው ደግሞ ይህንኑ ሥራ የሚያቃልልለት ኪስ የሚገባ እቃ አለ፤ ካፖ ይባላል።

ካፖ በጊታሩ አንገት ላይ ተቆንጥጦ ስድስቱንም ክሮች አንድ ፍሬት (በአንገቱ ላይ አግድም የተተከለ ቀጭን ብረት) ላይ ደፍጥጦ የሚይዝ፣ በጎማ የተለበጠ ዘንግ ነው። ቃሉ ካፖታስቶ ከሚለው ጣልያንኛ ያጠረ ሲሆን «የጣት ሰሌዳ ራስ» እንደማለት ነው። ጣልያናዊው የሙዚቃ ሊቅ ጆቫኒ ባቲስታ ዶኒ እ.ኤ.አ. በ1640 ሲጽፈው ክሮቹ ከአንገቱ ጫፍ ላይ የሚያርፉበትን ቋሚ ድልድይ ማለቱ ነበር። የዛሬው ካፖ ያ ጫፍ ወደፈለጉበት እንዲሄድ አደረገው። ክሩ ባጠረ መጠን ድምፁ ይቀጥናል፤ እያንዳንዱ ፍሬት ግማሽ ድምፅ ያህል ያወጣል። በብዙ የፌንደር ጊታሮች ላይ የሚርገበገበው የክር ርዝመት 648 ሚሊ ሜትር ነው። ካፖውን ሁለተኛው ፍሬት ላይ ሲያስሩት ወደ 577 ሚሊ ሜትር ይወርዳል፣ በሴኮንድ 110 ጊዜ ይርገበገብ የነበረው የኤ ክርም ወደ 123.5 ያድጋል፤ ማለትም ቢ ይሆናል።

በአማርኛ ምን እንበለው? «ቅኝት ቀያሪ» የሚለው ቶሎ ወደ አፍ ይመጣል፤ ግን ስህተት ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ የሚለያዩት በድምፆቻቸው መካከል ባለው ርቀት ነው፤ ባቲንና አምባሰልን በአገራቸው ስም የሰየመ የወሎ ሰው ይህንን ያውቀዋል። ካፖ ያን ርቀት አይነካም። ሁሉንም ክር እኩል ስለሚያነሳ ትዝታው ትዝታ እንደሆነ ከፍታው ብቻ ይቀየራል። እኔ «የአንገት መቆንጠጫ» የሚለውን እመርጣለሁ። መቆንጠጫ የሚለውን ቃል ልብስ የሚያሰጣ ሁሉ ያውቀዋል፣ እቃውም የሚሠራው ያንኑ ነው። መድረክ ላይ ግን ሁሉም «ካፖ» ይላል፣ ይበል፤ መቆንጠጫ ላልሰማው ለማስረዳት ይጠቅማል።

አሁን ለእኛ ሙዚቃ በተለይ የሚጠቅምበት ነገር አለ። በተለመደው አቃቃን የጊታር ባዶ ክሮች ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ ቢ እና እንደገና ኢ ናቸው። ከጂ ተነስተው ደርድሯቸው፦ ጂ፣ ኤ፣ ቢ፣ ዲ፣ ኢ። ይህ ሙሉ ትዝታ ነው! አንድም ጣት ሳይነካቸው ስድስቱ ክሮች የጂ ትዝታን አምስት ድምፆች ይዘው ተቀምጠዋል፤ የጎደለም የተረፈም ድምፅ የለም። ክራር ግርፍን በኤሌክትሪክ ጊታር ማምጣት የሚፈልግ ተጫዋች ባዶ ክሮቹን እየገረፈ፣ የማይፈልጋቸውን በግራ እጁ እያፈነ ሊጫወት ይችላል። ዘፋኙ በኤ ካለው ካፖውን ሁለተኛው ፍሬት ላይ፣ በቢ ፍላት ካለው ሦስተኛው ላይ ያስራል፤ የእጁ አካሄድ ግን ያው ነው። ለአምባሰል ይህ ስጦታ የለም፣ እዚያ ጣት መሥራት አለበት።

ክራር ተጫዋች ከፍታውን ለመቀየር ክሮቹን አንድ በአንድ ቀንበሩ ላይ ማጥበቅ ይኖርበታል። የላስታ አዝማሪ ደግሞ ችግሩን አያውቀውም፤ ማሲንቆ አንድ ጭራ ብቻ ያለው፣ ፍሬት የሌለው በመሆኑ እጁን ትንሽ ያንሸራትታል፣ ወይም መቃኛውን ያዞራል። ማሲንቆ በዘፋኙ ጉሮሮ ይቃኛልና ከጊታሩ ጋር ሲገናኝ በሁለት ፍሬት መካከል ሊያርፍ ይችላል። ካፖ የሚዘለው በግማሽ ድምፅ ስለሆነ ያን ክፍተት አይሞላም። ያኔ አንዱ ለሌላው መቃኘት አለበት፤ በእኔ አስተያየት ጊታሩ ይቃኝ።

ሊድ ጊታር ዜማን ለብቻው በሚያወጣበት አሠራር ካፖ እምብዛም አያስፈልግም፣ ጣትን ሁለት ፍሬት ገፋ ማድረግ ይበቃል። የሚያስፈልገው ባዶ ክር ሲፈለግ ነው። አሜሪካዊው የብሉዝ ጊታሪስት አልበርት ኮሊንስ ግን ቴሌካስተር ጊታሩን በማይነር ቃኝቶ ካፖውን ከፍ ባሉ ፍሬቶች ላይ እየሰቀለ ሊድ ሲጫወት ኖሯል፤ ሹል ድምፁም በከፊል ከዚያ የመጣ ነው።

የሚገዛ ሰው ግን ይጠንቀቅ። ለአኩስቲክ ጊታር የተሠራ ጠንካራ ሞላ ያለው ካፖ የኤሌክትሪኩን ቀጫጭን ክሮች ከልክ በላይ ይጫናቸዋል፤ ክሩ ይወጠርና ድምፁ ከቅኝቱ ይወጣል። ስለዚህ በብሎን የሚጠብቅና የሚላላው ዓይነት ይሻላል። ለክላሲክ ጊታር የተሠራው ቀጥ ያለ ዘንግም አይሆንም፤ የኤሌክትሪክ ጊታር ሰሌዳ ጎበጥ ያለ በመሆኑ መሃል ያሉት ክሮች ሲያዙ የዳር ዳሮቹ ይነዝራሉ። ካፖው ከፍሬቱ ጀርባ ተጠግቶ መታሰር አለበት፣ በላዩ ላይ ሳይሆን። ሲያስሩትና ሲፈቱት የጊታሩን ድምፅ መቀነስ ነው፤ አለበለዚያ አምፕሊፋየሩ ያንን ኳኳታ ለታዳሚው ሁሉ ያሰማል። ከታሰረም በኋላ እንደገና መቃኘት የግድ ነው።

ካፖ ማውረድ አይችልም፣ ማውጣት ብቻ ነው። ወፍራም ድምፅ ካላቸው ዘፋኞች ጋር የሚሠራ ተጫዋች ጊታሩን በሙሉ ሁለት ፍሬት ያህል ዝቅ አድርጎ ይቃኝና ካፖውን ሁለተኛው ላይ ያስራል። ያኔ የጂ ትዝታ በቦታው አለ፤ ዘፋኙ ዝቅ በል ካለው ካፖውን ፈትቶ ኤፍ ላይ ያርፋል፣ ከፍ በል ካለውም አራተኛው ፍሬት ላይ ኤን ያገኛል። ካፖ ጨርሶ ከሌለም አንድ ባለ ስድስት ጎን እርሳስና ጠንከር ያለ ላስቲክ ለልምምድ ይበቃሉ፦ እርሳሱን ክሮቹ ላይ አጋድሞ ላስቲኩን ከአንገቱ በስተጀርባ አዙሮ ደጋግሞ መጠምጠም ነው። በጎበጠ ሰሌዳ ላይ የዳር ክሮች ትንሽ ያስቸግራሉ፤ ላስቲኩን አንድ ዙር መጨመር ነው።