ቶርኖ ላይ የፈጠነ ሁሉ አያተርፍም

ሹዋይኽ ኢንዱስትሪ ሠፈር ቶርኖ ላይ የምትሠሩ ወንድሞች፣ «ፍጥነቱን ጨምር!» የሚል አለቃ አታጡም። ክርክሩ አሮጌ ነው። አሜሪካዊው ፍሬድሪክ ቴይለር ከ1880 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ 26 ዓመት ያህል ብረት እያስቆረጠ መረመረ። ያገኘውም ፍጥነት ጥቂት ሲጨምር የመቁረጫው ዕድሜ በብዙ እንደሚያጥር ነው። በተለመደው የካርባይድ መቁረጫ ብናሰላው፣ ፍጥነት በ20 በመቶ ሲጨምር ዕድሜው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። መቁረጫ ይገዛል፤ ለመቀየር ማሽን ማቆሙም ገንዘብ ነው። በጣም መዘግየት ደግሞ ደመወዝና ሰዓት ይበላል። ርካሹ ፍጥነት መሃል ላይ ነው፤ ስለዚህ አንድ መቁረጫ ስንት ዕቃ እንደሚያወጣ በደብተር ያዙ፣ ለአለቃ የሚታይ ቁጥር ይሆናችኋል።

ቴይለር ግን ስሌቱን ከባለሙያው እጅ ወስዶ ለቢሮ ሰጠ፤ ይህን አልወድለትም። በ1911 የዋተርታውን የመንግሥት መሣሪያ ፋብሪካ ብረት ቀላጮች በሰዓት መለካቱን ተቃውመው ሥራ አቆሙ፤ ኮንግረሱም ኋላ በበጀት ሕግ ከለከለው።