በጎጃም ወንጀለኛን መፈለግ የማን ሥራ ነበር?
ከአውጫጭኝ እስከ ፖሊስ ምርመራ

የወንጀል ፍትሕ ትምህርት የሚጀምር ተማሪ በመጀመሪያ የሚያገኘው የሕጉን አንቀጽ ነው። አንቀጹም ጥፋቱ ምን እንደ ሆነና ቅጣቱ ስንት እንደ ሆነ ይነግረዋል። በሁለቱ መካከል ያለው ትልቁ ሥራ፣ ይኸውም ጥፋተኛውን ፈልጎ ማግኘት፣ በአንቀጹ ውስጥ አይታይም። በሬው በሌሊት ከበረት የተወሰደበት ገበሬ ግን አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ቅጣቱ መጠን አይደለም፤ «ማን ወሰደብኝ? ማንስ ይፈልግልኛል?» ብሎ ነው።

ይህ ጥያቄ በጎጃም ምን ዓይነት መልስ ይሰጠው እንደ ነበረና መልሱም እንዴት እንደ ተለወጠ በዚህ ጽሑፍ ለመመልከት እንሞክራለን። ደብረ ማርቆስ ተቀምጦ ለሚማር ሰው ነገሩ ሩቅ አይደለም። ከተማዪቱ መንቆረር ትባል ከነበረችበት ጊዜ ጀምራ የገዢ መቀመጫ ስለ ነበረች የችሎትም መቀመጫ ነበረች። በ1873 ዓ.ም. የነገሡት ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት፣ ከእርሳቸውም በኋላ ልጃቸው ራስ ኃይሉ እስከ 1924 ዓ.ም. ድረስ፣ ከጭቃ ሹም ተነሥቶ ደረጃ በደረጃ የሚመጣውን ክርክር በችሎታቸው ይሰሙ ነበር። ሊቃውንቱም ፍትሐ ነገሥትን ይጠቅሱ ነበር። ይህ መጽሐፍ በ13ኛው መቶ ዘመን በግብፅ በዐረብኛ ከተዘጋጀው ሥራ ወደ ግእዝ የተመለሰ ሲሆን ስለ ዳኛ፣ ስለ ምስክርና ስለ ነፍሰ ገዳይ ብዙ ይናገራል። ነገር ግን በአንድ የጎጃም መንደር ውስጥ የጠፋ በሬ በምን ዘዴ እንደሚፈለግ አይናገርም። ይህን የሚያውቀው የአገር ልማድ ነበር።

የልማዱ ዋና መሣሪያ አውጫጭኝ ነው። በሸዋ አብዛኛውን ጊዜ አፈርሳታ ይሉታል። ሌባው ወይም ቤት አቃጣዩ ያልታወቀ እንደ ሆነ ተበዳዩ ለሹሙ ያመለክታል፤ ሹሙም ቀን ቆርጦ የአካባቢው ሰው ሁሉ በአንድ ሜዳ እንዲሰበሰብ ያዝዛል። የቀረ ሰው መቀጫ ይከፍላል። ከተሰብሳቢው መካከል የታመኑ ሽማግሌዎች ተመርጠው ይምላሉ፤ ከዚያም ሰዉ በየተራ ወደ እነርሱ እየቀረበ የሚያውቀውን ይናገራል። በግልጽ ለመናገር የሚፈራ ሰው ቃሉን በምስጢር ያደርሳል፤ እንዲህ ያለው ጠቋሚ «ወፍ» ይባል ነበር። ወፍ ነገረችኝ የሚባለውን አነጋገር ሁላችንም በልጅነታችን እንደ ጨዋታ ሰምተነዋል፤ በአውጫጭኝ ሜዳ ላይ ግን ወፏ የጎረቤትን ስም የምታወጣ ነበረች። ሽማግሌዎቹ ወፋቸውን አይገልጡም። ጥፋተኛው በአንድ ቀን ካልወጣ ስብሰባው ይደገማል። በመጨረሻም ማንም ካልተገኘ የጠፋውን ዋጋ አገሬው በየድርሻው እንዲከፍል የሚደረግበት ጊዜ ነበር።

በእኔ ግምት የሥርዓቱ ጉልበት በዚህ በመጨረሻው ነጥብ ላይ ነው። የመንደሩ ሰው እርሻውን ትቶ ሁለትና ሦስት ቀን በሜዳ ላይ ሲውል፣ ዝም ማለት ዋጋ እንዳለው ይረዳል። ሌባውን የሚያውቅ ሰው ዝም ቢል የሚከፍለው እርሱም ጭምር ነው። በዚያ ዘመን መርማሪ ተብሎ ደመወዝ የሚከፈለው ሰው በየወረዳው አልነበረም፤ የምርመራውን ወጪ ሕዝቡ በጊዜውና በከብቱ ይከፍል ነበር ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ሥርዓቱን በናፍቆት ብቻ መመልከት ስሕተት ይመስለኛል። ምንም ያላጠፋ ሰው ሌላው ባጠፋው ይቀጣ ነበር። በምስጢር የተነገረበት ሰው ማን እንደ ጠቆመው ስለማያውቅ ቃሉን ለማፍረስ መንገድ አልነበረውም። ቂም ያለው ጎረቤት ወፍ ለመሆን ምን ይከለክለዋል? መጻተኛውና ዘመድ የሌለው ሰውስ በእንዲህ ያለው ሜዳ ላይ ማን ይናገርለታል? ሽማግሌዎቹ መማላቸው አንድ ዋስትና ነበር፤ በቂ ዋስትና ነበር ለማለት ግን ያስቸግራል።

ከዚህ የባሰው ሌባ ሻይ ነው። ባለሙያው ለአንድ ትንሽ ልጅ መድኃኒት አጠጥቶ፣ ጢስም አስስቦ፣ በገመድ ይዞ በመንደሩ ያዞረዋል። ልጁ ራሱን ስቶ እየተንገዳገደ ሄዶ ከአንድ ሰው ቤት ገብቶ ሲወድቅ የቤቱ ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዛል። በአውጫጭኝ ቢያንስ ሰው የሚያውቀውን ይናገራል፤ እዚህ ግን ማስረጃው የሰከረ ልጅ እግር ነው። የልጁን ገመድ የያዘው ሰው ወዴት እንደሚስበው ለማየት የደፈረ መንደርተኛ ይኖር እንደ ሆነ እንጃ። በኋላ ዘመን መንግሥት ይህን ልማድ መከልከሉ ተገቢ ነበር።

የተጠረጠረው ሰው ከታወቀ በኋላ ያለው ክፍል ደግሞ ሌላ መልክ አለው። ተበዳይ በዳዩን መንገድ ላይ ቢያገኘው «በሕግ አምላክ!» ብሎ ያቆመዋል፤ የተጠራበትም ሰው አልፎ መሄድ ነውርም ጥፋትም ነበር። ሁለቱ ነጠላቸውን ቋጥረው ወደ ዳኛ ይሄዳሉ፤ ዳኛ ሩቅ ከሆነም መንገደኛውን ሽማግሌ ዛፍ ሥር አስቀምጠው ይሟገታሉ። በከባድ ነገር ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ሰንሰለት በቁራኛ ይታሰሩ ነበር። በሙግቱም ላይ ሰው ቆሞ፣ በትሩን እየወዘወዘ፣ «ተጠየቅ!» እያለ ባላጋራውን በጥያቄ ያጣድፋል፤ በማር ወይም በበቅሎ ይወራረዳል፤ ዋስ ይጠራል። ዳኛው በአብዛኛው የሚያደርገው መስማትና መፍረድ ነው። ነገሩን የሚያወጡት ተሟጋቾቹ ናቸው። በጎጃም ሙግት የሚያውቅ ሰው ከጦረኛ ያላነሰ ክብር የነበረው ስለዚህ ነው።

እንግዲህ በአሮጌው ሥርዓት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ነበሩ፤ ፍለጋው የማኅበር፣ ሙግቱ የባለጉዳዮች። ዘመናዊው ሕግ ሲመጣ የሁለቱ ዕጣ አንድ አልሆነም።

በ1923 ዓ.ም. የመጀመሪያው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ወጣ። ከነፃነት በኋላ በ1934 ዓ.ም. ፍርድ ቤቶችና የፖሊስ ሠራዊት በዐዋጅ ተቋቋሙ። ከዚያም የስዊስ ተወላጅ በሆኑት በፕሮፌሰር ዣን ግራቨን ረቂቅ ላይ የተመሠረተው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ሚያዝያ 27 ቀን 1950 ዓ.ም. ሥራ ላይ ዋለ። የሥነ ሥርዓቱ ሕግ ግን እስከ ጥቅምት 1954 ዓ.ም. ድረስ ቆየ። ግራቨን ያዘጋጁት የሥነ ሥርዓት ረቂቅ የአውሮፓን አህጉር ልማድ የተከተለ ነበር፤ ሕጉ በመጨረሻ ሲወጣ ግን በብዙው ወደ እንግሊዞች ልማድ አዘነበለ። ፖሊስ ይመረምራል፣ ዐቃቤ ሕግ ይከስሳል፣ ምስክሩንም ወገኖቹ ራሳቸው በዋና ጥያቄና በመስቀለኛ ጥያቄ ይፈትኑታል። እንግዳ የሚመስለው ይህ የመስቀለኛ ጥያቄ ለጎጃም ተሟጋች ፈጽሞ እንግዳ ሊሆንበት አይችልም፤ «ተጠየቅ» ሲል የኖረ ሰው ነውና። ሙግቱ፣ ሌላ ልብስ ለብሶ ቢሆንም፣ ቀጠለ ማለት እንችላለን።

ፍለጋው ግን ከማኅበሩ እጅ ወጥቶ ለፖሊስ ተሰጠ። በዚህም የተጠርጣሪው መብት በግልጽ ተጻፈ፤ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ፣ ለፖሊስ ጥያቄ መልስ ለመስጠትም እንዳይገደድ ተደነገገ። በሜዳ ላይ ተሰብስቦ የሚቀጣው ንጹሕ ሰው ነፃ ወጣ። ይህ ትልቅ ትርፍ ነው። ሆኖም በሌላው በኩል የመናገር ግዴታ ጠበበ። በ1949ኙ ሕግ ወንጀልን ባለማስታወቅ የሚያስቀጣው በዋናው ጥፋቱ በሞት ወይም በዕድሜ ልክ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ሲሆን ነው። ስለ አንድ በሬ ዝም ያለ ጎረቤት በሕግ የሚጠየቅበት ነገር የለም። ፖሊሱም አብዛኛውን ጊዜ ከሌላ አውራጃ የመጣ፣ የዘሩንም የቂሙንም ሐረግ የማያውቅ ሰው ነበር። ስለዚህ አውጫጭኝ ሕጉ ከወጣ በኋላም በየገጠሩ ወዲያው አለመጥፋቱ አያስደንቅም።

ሕግ አውጪውም ይህን ክፍተት ፈጽሞ አልዘነጋውም። የ1954ቱ ሕግ የአጥቢያ ዳኛ ስድብን፣ እጅ እልፊትን፣ ጥቂት ጉዳትንና ከ5 ብር የማይበልጥ ስርቆትን በተቻለ መጠን በእርቅ እንዲጨርስ፣ እርቁ ካልሆነ እስከ 15 ብር መቀጮ እንዲፈርድ ፈቅዶለት ነበር። የ5 ብር ወሰን ግን ዶሮና በግ ያስታርቅ እንደ ሆነ እንጂ በሬን አይነካም፤ ደምንማ ፈጽሞ።

ደም ከሁሉ ይልቅ የሚያስቸግረው ጉዳይ ነው። ነፍሰ ገዳዩ ተፈርዶበት ወህኒ ወርዶ ቢወጣም፣ ሽማግሌዎች ገብተው ካሳ ተከፍሎ፣ በካህናት ፊት ምሕላ ተፈጽሞ ደሙ ካልደረቀ በቀር ለሟች ወገን ደመኛ ነው። ለፍርድ ቤቱ ያለቀው መዝገብ ለመንደሩ አላለቀም። በተገላቢጦሹም እርቁ ቀድሞ ሲፈጸም ምስክሮች ቃላቸውን ይለውጣሉ፤ «ታርቀናል፣ ከእንግዲህ ምን አየህ ብትሉኝ አላየሁም» የሚል ምስክር ለዐቃቤ ሕግ የዘወትር ራስ ምታት ነው። ሕጉ ይህን ሐሰተኛ ምስክርነት ይለዋል። ምስክሩ ግን ሁለተኛ ሬሳ እንዳይወድቅ ያደረገ ይመስለዋል፤ አንዳንድ ጊዜም እውነቱን ሊሆን ይችላል።

በ1956 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ ሲከፈት የመጀመሪያው ዲን አሜሪካዊው ጄምስ ፖል ነበሩ፤ ብዙዎቹ መምህራንም የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። ስለ አውጫጭኝና ስለ ሌባ ሻይ በጥንቃቄ ከጻፉት መካከል ከእነዚሁ እንግዶች አንዳንዶቹ ይገኙበታል። እኛ ደግሞ ከዚያ ወዲህ በ1997 ዓ.ም. የጸናውን የወንጀል ሕግና በ2003 ዓ.ም. የወጣውን የወንጀል ፍትሕ ፖሊሲ እንማራለን። ፖሊሲው ከፍርድ ቤት ውጭ ለሚደረግ እርቅ በር ከፍቷል፤ የትኛው ጥፋት በዚያ በር ይግባ፣ የትኛው ይከልከል የሚለው ግን በመንደሩ ያለውን ነገር ሳያውቁ የሚመልሱት ጥያቄ አይደለም። በወጣትነታቸው በአውጫጭኝ ሜዳ ላይ የዋሉት ሰዎች ዛሬ ከ80 ዓመት በላይ ናቸው፤ ከደብረ ማርቆስ በእግር በሚደረስበት ርቀት ውስጥም አሁን ድረስ ይገኛሉ። ማን እንደ ተመረጠ፣ እንዴት እንደ ማለ፣ ስንት እንደ ተቀጣ፣ ወፏም ዋሽታ እንደ ሆነ ሊነግሩን የሚችሉት እነርሱ ናቸው።