መዳን ባይኖርም መንከባከብ አይቀርም

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። 

አባት ወይም እናት ፅኑ ሕሙማን ክፍል ገብተው በመሣሪያ እየተነፈሱ ሳለ ሐኪሞቹ «ከእንግዲህ ተስፋ የለም» ቢሉ ቤተሰብ ምን ያድርግ? መሣሪያው ቢነሳ ነፍስ እንደማጥፋት ይቆጠር ይሆን? የሕመም ማስታገሻውስ ሐራም ይሆን? ብዙዎች በእነዚህ ጥያቄዎች ይጨነቃሉ። ታሪኩን ማወቅ ጭንቀቱን ያቀላል።

እ.ኤ.አ. በ1952 የፖሊዮ ወረርሽኝ የዴንማርክን ከተማ ኮፐንሃገንን መታ። መተንፈሻ ጡንቻቸው የሰለለ ሕሙማን በየቀኑ ይሞቱ ነበር። ቢዮርን ኢብሰን የተባለው የማደንዘዣ ሐኪም የጉሮሯቸውን ቧንቧ በስቶ አየር በእጅ እንዲገፋላቸው አደረገ። የሕክምና ተማሪዎች ሌት ተቀን እየተፈራረቁ አየሩን ይገፉ ነበር። ብዙዎች ተረፉ፤ በተከታዩ ዓመትም የመጀመሪያው የፅኑ ሕሙማን ክፍል ተከፈተ። የክፍሉ ዓላማ ሰውነት እስኪያገግም ድረስ ሕመምተኛውን ደግፎ ማቆየት ነበር። ውሎ አድሮ ግን መሣሪያው የመዳን ተስፋ የሌለውንም ማቆየት ቻለ። ጥያቄውም ያኔ መጣ።

በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ1967 ሲሲሊ ሳውንደርስ የተባለች እንግሊዛዊት ሐኪም ለንደን ውስጥ በሞት አፋፍ ላሉ ሰዎች ልዩ ሆስፒታል ከፈተች። ሞርፊን በሰዓቱ ሲሰጥ ሕመሙ እንደሚታገስ አሳየች። የሕመምተኛው ጭንቀት፣ ቤተሰቡና እምነቱም የሕክምናው አካል እንዲሆኑ አደረገች።

ይህ ሐሳብ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የመምሉክ ሱልጣን ቀላዉን ደማስቆ ላይ ታሞ ሳለ ከኑረዲን ሆስፒታል በመጣ መድኃኒት ድኖ ስለነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1284 ካይሮ ላይ ታላቅ ሆስፒታል አሠራ። የወቅፉ ሰነድ ድሃና ሀብታም ሳይለይ እንዲታከም፣ ለሞተም እጥበቱ፣ ከፈኑና ቀብሩ ከወቅፉ እንዲሸፈን ያዛል። የሆስፒታሉ ኃላፊነት መዳን ሲቀር አላበቃም።

የዘመናችን ዑለሞችም ጉዳዩን መርምረውታል። ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1986 አማን ላይ ባሳለፈው ውሳኔ፣ የአንጎል ሥራ ሙሉ በሙሉ መቆሙንና እንደማይመለስ ባለሙያ ሐኪሞች ካረጋገጡ፣ ልብ በመሣሪያ ቢመታም እንኳ መሣሪያውን ማንሳት ይፈቀዳል ብሏል። አንጎሉ በሕይወት ላለ ሰው ግን ይህ ውሳኔ በቀጥታ አይሠራም፤ ሐኪሞችንና ዓሊሞችን አብሮ ማማከር ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1992 ጂዳ ላይ ደግሞ አካዳሚው መዳን ቢጠበቅም ባይጠበቅም ሕመምተኛውን መንከባከብና የአካልና የመንፈስ ሕመሙን ማቅለል የሐኪሞችና የቤተሰብ ግዴታ መሆኑን ገልጿል። ስለዚህ ሐኪም መጥኖ የሚያዘው ማስታገሻ ሕመምን ያስታግሳል እንጂ ነፍስ ለማጥፋት የሚሰጥ አይደለም።

በሀገራችን እ.ኤ.አ. በ2003 ሆስፒስ ኢትዮጵያ በነርሷ በሲስተር ጽጌረዳ ይስፋወሰን ተመሠረተ። ጤና ሚኒስቴርም እ.ኤ.አ. በ2016 የማስታገሻ እንክብካቤ ብሔራዊ መመሪያ አወጣ። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ ግን በርካታ ቤተሰቦች ወዳጃቸውን በመጨረሻው ሰዓት ማየት ሳይችሉ ቀሩ። የሚሞት ሰው ከመድኃኒት ሌላ ምን እንደሚያስፈልገው ያን ጊዜ በግልጽ ታየ።

ነገሩ እንደ ኮዬ ፈጬ ባሉ አዳዲስ መንደሮች ላሉ ቤተሰቦች ይበልጥ ይከብዳል። ነዋሪው ከየሰፈሩ ተሰባስቦ የገባ ነው። የድሮው ጎረቤት፣ እድርና የመስጂድ ጀመዓ ርቀዋል። ሕመምተኛው ከተማ ውስጥ ሲተኛ ጠያቂው ይቀንሳል፣ ውሳኔውም በአንድ ልጅ ጫንቃ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ የኮንዶሚኒየሙ ጀመዓ ጠያቂ ይመድብ፤ ኢማሙም ከቤተሰቡ ጋር ሐኪሙን ያነጋግር።

ቤተሰብም ሐኪሙን ሳያፍር ይጠይቅ፦ የመዳን ተስፋው ምን ያህል ነው? ሕመም ይሰማቸዋል ወይ? ምን ማስታገሻ ይሰጣቸዋል? አንድ ሰው አጠገባቸው መቀመጥ ይችላል? ሕመምተኛው የሚናገር ከሆነ እዳውንና ወሲያውን ይናገር። ሰዓቱ ሲቃረብ ለስለስ ባለ ድምፅ ከሊማን ማስታወስ የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ትምህርት ነው። አንዴ ካለ በኋላ እየደጋገሙ አያስጨንቁት።

አላህ (ሱ.ወ.) ሕሙማኖቻችንን ያሽርልን፤ ኻቲማችንንም ያሳምርልን። አሚን።