በሽምግልና ስለ መማር፤ ከጉባኤ ቤት እስከ ኮልፌ

ባገራችን የአብነት ትምህርት ሥርዓት የተማሪ ዕድሜ ቁም ነገር ሆኖ አያውቅም። ወደ ቅኔ ቤት የመጣውን ሰው መምህሩ ከማን እንደ ተማረና እስከ ምን እንደ ዘለቀ ይጠይቁታል እንጂ ስንት ዓመት እንደ ሆነው አይጠይቁትም። ስለዚህ ጠጕሩ የሸበተ መነኵሴ፥ ወይም ሚስቱ የሞተችበት ቄስ ልጆቹን ድሮ ኵሎ፥ ደበሎ ከለበሰ ብላቴና ጋራ በአንድ ጉባኤ ተቀምጦ ጉባኤ ቃና ሲቈጥር ቢታይ የሚደነቅ ሰው አልነበረም። እንዲያውም ሽማግሌው ገና ጀማሪ ብላቴናው አስነጋሪ የሆነ እንደ ሆነ፥ በልጅ ልጁ ዕድሜ ያለው ልጅ ሲያርመው ጎንበስ ብሎ ይቀበል ነበር፤ በማኅበር ሲቀመጡ ግን ልጁ ለሽማግሌው ተነሥቶ ቦታ ይለቅለታል። የዕውቀት መዓርግና የዕድሜ ክብር በአንድ ቤት ሳይጣሉ የኖሩት እንዲህ ባለ ልማድ ነው።

የትምህርቱም መንገድ በባሕርዩ ረዥም ነው። ድጓን በቤተ ልሔም፥ ዝማሬ መዋሥዕትን በዙር አምባ፥ አቋቋምን በጎንደር፥ ቅኔን በዋሸራ ወይም በጎንጅ ተምሮ፥ ከዚያ ወዲያ ወደ ብሉይና ወደ ሐዲስ ትርጓሜ የገባ ሰው ሳያውቀው ይሸመግላል። ተምሮ የጨረሰ የሚባል ሰው የለም ማለት ይቻላል፤ መምህር የተባለውም ያልዘለቀውን ትምህርት ከሌላ መምህር እግር ሥር ተቀምጦ ይሰማል።

ለዚህ ነገር ምስክር የሚሆኑ አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ናቸው። እኒህ ሊቅ የግእዝን መዝገበ ቃላት ሥራ ከመምህራቸው ከመምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ተቀብለው፥ በኢየሩሳሌም ብዙ ዘመን ተቀምጠው፥ የግእዝን ቃል ከዕብራይስጥና ከሱርስት ከዐረብም ጋራ እያመሳከሩ እስከ እርጅናቸው ድረስ መረመሩ። በ1936 ዓ.ም. ሲያርፉ ሥራው ገና አልታተመም ነበር። ደቀ መዝሙራቸው ደስታ ተክለ ወልድ ፈጽመውት በ1948 ዓ.ም. ታተመ። አንድ መጽሐፍ የሦስት ሰዎችን ዕድሜ ጠየቀ ማለት ነው፤ ከሦስቱም ማናቸውም ሸምግያለሁና ይበቃኛል አላሉም።

ነገር ግን ይህ በር ለሁሉ የተከፈተ ነበር ብሎ መናገር እውነትን ማጕደል ይሆናል። እንደ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ያሉ፥ በጎጃም ቅኔ እስከ ማስተማር የደረሱ ሴቶች በጣት የሚቈጠሩ ናቸው። ገበሬው፥ ሸማኔው፥ ቤት የምትጠብቀውም እናት ዕድሜ ባይከለክላቸው ሥራ ይከለክላቸው ነበር። ለእነዚህ ትምህርት የሚደርሳቸው በጆሮ ነበር፤ በየደብሩ ስንክሳር ሲነበብ፥ ተአምረ ማርያም ሲሰማ፥ በማኅበርና በሰንበቴ ቀን ካህኑ ሲተረጕም ነው። ፊደል የማታውቅ ባልቴት የቅዱሳንን ገድል ከነወሩና ከነቀኑ በቃሏ የምትናገረው ከዚህ የተነሣ ነው። ይሁን እንጂ የልጇን ደብዳቤ ለማንበብ ደብተራ መለመን ነበረባት።

ይህን ችግር ለማቃለል ከጠላት ወረራ በኋላ በአዲስ አበባ ልዩ ልዩ ሙከራ ተደረገ። በ1940 ዓ.ም. ገደማ የተቋቋመው «ብርሃንህ ዛሬ ነው» የተባለው ትምህርት ቤት ቀን በሥራ የሚውሉትን ጎልማሶች ማታ ያስተምር ጀመር፤ ስሙ ብቻውን ስብከት ነው። ኋላም በ1948 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ፥ ዕድሜው ከ18 እስከ 50 ዓመት የሆነ ማንበብና መጻፍ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ፊደል ይማር ዘንድ ዐዋጅ አወጡ። ዐዋጁ መልካም ነበር። ዳሩ ግን የሦስት ሰዎች ዕድሜ የፈጀው መዝገበ ቃላት በታተመበት በዚያው ዓመት፥ ለተማሪ ዕድሜ ወሰን ተበጀለት፤ ኀምሳ ዓመት ያለፈው ሰው ከደጅ ቀረ። ይህን ያደረገው ክፋት አይደለም፤ መንግሥት ትምህርትን የሚመዝነው ከተማረው ሰው በሚያገኘው ሥራ ስለ ሆነ ነው።

ዐዋጅ ብቻውን ስለማያስተምር፥ ጥቂት ቈይቶ «የፊደል ሠራዊት» የተባለው ማኅበር ሕዝቡን ፊደል ለማስቈጠር ተነሣ። ከመሪዎቹም አንዱ የፖሊስ ሠራዊት መኰንን የነበሩት ታደሰ ብሩ ናቸው፤ ኋላ ጀኔራል ተብለዋል። በአዲስ አበባ ምዕራብ በኩል ያለችው ኮልፌ በዚህ ታሪክ የምትገባውም በእርሳቸው በኩል ነው፤ የፈጥኖ ደራሽ ጦር ሰፈር በዚያ ነበረና። በ1954 ዓ.ም. ክረምት አንድ የደቡብ አፍሪቃ ጠበቃ የጦር ትምህርት ይማር ዘንድ ወደዚያ ሰፈር መጣ፤ ስሙም ኔልሰን ማንዴላ ነው። ሐምሌ 11 ቀን አርባ አራት ዓመት ሞላው። በዚያ ዕድሜ ጠመንጃ መፍታትና መግጠም፥ ፈንጂ ማዘጋጀት፥ ስንቅና መሣሪያ ተሸክሞ በተራራ መጓዝ ከሀ ሁ ጀመረ፤ ታደሰ ብሩም የጦርን ጥበብ አስተማሩት። ስድስት ወር ሊማር የታሰበው፥ ሁለት ወር እንኳ በቅጡ ሳይሞላ ከአገሩ ጥሪ መጥቶበት ተመለሰ፤ ወዲያውም ተያዘ። በእስር ሳለ እርሱና ጓደኞቹ እርስ በርሳቸው እየተማማሩ ኖሩ፤ በደብዳቤ ሲከታተለው የነበረውንም የሕግ ትምህርት እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1989 ዓ.ም. ሰባ ዓመት ካለፈው በኋላ ፈጽሞ ተመረቀ። መምህሩ ታደሰ ብሩ ግን በ1959 ዓ.ም. ከሜጫና ቱለማ ማኅበር ነገር የተነሣ ታስረው፥ ኋላም በ1967 ዓ.ም. በደርግ ተገደሉ።

ሽማግሌዎችና ባልቴቶች በብዛት ወደ ፊደል የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ታወጀ፤ መጀመሪያ በከተሞች፥ ቀጥሎ በገጠር ተካሄደ፤ መማሪያውም እየተጨመረ በ15 ቋንቋዎች ተዘጋጀ። ኮልፌም እንደ ሌላው የከተማ ሰፈር በየቀበሌዋ ማስተማሪያ አበጀች። የልጅ ልጅ አያቱን ያስተማረበት ጊዜ ነው፤ የአስነጋሪው ብላቴና ነገር በሌላ መልክ ተመለሰ። አንዳንዶች በውዴታ፥ ሌሎችም ቀበሌውን ፈርተው መጡ፤ ይህ አይካድም። ሆኖም በአውራ ጣት መፈረም ያሳፈራት ሴት ስሟን በእጇ ስትጽፍ የተሰማት ደስታ የቀበሌ ትእዛዝ አልነበረም። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1980 ዓ.ም. ዘመቻው ከዩኔስኮ ሽልማት አገኘ፤ የመንግሥቱም ዘገባ በዐሥር ዓመት ከ20 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመዘገበ ይላል።

ነገር ግን ፊደል እንደ ማጭድ ነው፤ ካልሠሩበት ይዝጋል። የምስክር ወረቀት የተሰጣት እናት የምታነብበው ነገር ካላገኘች፥ አብሯት የሚያነብብ ማኅበርም ከሌላት፥ በጥቂት ዓመት ውስጥ የቈጠረችው ፊደል ይጠፋባታል፤ በብዙዎቹም የደረሰው ይኸው ነው። በጉባኤ ቤትና በዘመቻው መካከል ያለው ልዩነት በዚህ ላይ ይታያል። ጉባኤ ቤት ነገም ከነገ ወዲያም እዚያው አለ።

በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው ተግባር ተኮር የጎልማሶች ትምህርት ደግሞ ከ15 እስከ 60 ዓመት ያሉትን ለማስተማር ታስቦ የተዘጋጀ ነው። ከ1948ቱ ዐዋጅ ዐሥር ዓመት ጨመረ ማለት ነው። በ1971 ዓ.ም. በአርባ ዓመቷ ፊደል የቈጠረች የኮልፌ ሴት ይህ ሲጀመር ሰባ ሁለት ዓመት ሆኗታል። የጠፋባትን ንባብ ልትመልስ ብትፈልግ በዕቅዱ ውስጥ የታሰበላት ቦታ የለም፤ በደብሯ ስንክሳር ሲነበብ ግን እንደ እናቷ ቆማ መስማት ትችላለች።